አንድ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ

የጀልዴሳ ታሪክ ሲወራ ሁሌም ግመል ነው የሚቀድመው። ከዘይላ ወደብ ጨርቅና ጨው ጭኖ በረሃውን የሚያቋርጠው ግመል ጀልዴሳ ሲደርስ ሸክሙን ያወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት የበቅሎና የአህያ ነው። ከሐረር የሚወርደው ቡናና ቆዳ ደግሞ እዚያው ላይ ከበቅሎ ወደ ግመል ይዛወራል። ቀረጥ የሚከፈለው እዚያ ነው፣ ወሬ የሚለዋወጠውም እዚያ ነው። ዛሬ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው ትንሽ የገጠር መንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐረር የበረሃ በር ነበረች።

መጻሕፍት ውስጥ ብትፈልጓት የምታገኟት በመንገደኞች ስም ነው። ግብፆች ሐረርን በያዙበት ዘመን፣ ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ.፣ ጦር አስፍረውባታል። የጣሊያኑ ካውንት ፖሮና ጓደኞቹ በ1886 እ.ኤ.አ. የተገደሉት በዚሁ አካባቢ ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ ኬላዋ በእሳቸው ሹማምንት እጅ ገባች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1891 እ.ኤ.አ. ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወደ ዘይላ የወረዱት በጀልዴሳ በኩል ነው። ሁሉም ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም አልፈው ሄደዋል።

ከዚያ ባቡር መጣ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ድረስ ዳገቱን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለሆነበት ከተራራው ሥር ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የጀልዴሳ ገዥ የነበሩት አቶ መርሻ ናሁሰናይ የአዲሲቱ ከተማ የመጀመሪያ አስተዳዳሪ ሆኑ። ገዥው ሲሄድ ኬላው ተከተለ፤ ኬላው ሲሄድ ነጋዴው ተከተለ፤ ግመሉም የሚያራግፈው ሸክም አጣ። የታሪክ መጻሕፍት ጀልዴሳን የሚዘጉት እዚህ ገጽ ላይ ነው።

ሰው ግን ቀረ። እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ነው፤ የእናቴ ወገን ግን ከቀሩት ነው። ስለዚህ የጀልዴሳን ታሪክ ግመሉ ከሄደ በኋላ ካለው መጀመር ደስ ይለኛል። እሱን ታሪክ ደግሞ በደንብ የምታሳየኝ እንስሳ ዶሮ ናት። አትሳቁ።

*

ዶሮ የቀረ ሰው ከብት ናት። ግመል ጭኖ፣ ፍየል ነድቶ፣ ውሃ ተከትሎ መሄድ ይቻላል፤ ዶሮ ነድቶ የሚሄድ የለም። ማታ የምትሰፍርበት ቆጥ፣ ቀን የምትጭረው ግቢ፣ ደጃፍ ላይ ፍርፋሪ የሚጥልላት ሰው ትፈልጋለች። በአፍሪካ ቀንድ በብዙ አርብቶ አደሮች ዘንድ ዶሮና እንቁላል የሚናቅ ምግብ ሆኖ የኖረው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ፍሬዴሪክ ሲሙንስ ሰዎች ስለሚጸየፏቸው ሥጋዎች በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ዶሮና እንቁላል ለብቻው ጽፏል፤ የእኛም አካባቢ እዚያ ውስጥ አለ። ዛሬ እንግዲህ ድሬዳዋ ላይ ዶሮ በሩዝ አልበላም የሚል ሰው ፈልጉ እስቲ።

ንቀቱ ግን አንድ ነገር ትቶ ሄዷል። ዶሮ የሴት ጉዳይ ሆና ቀረች። ወንዱ የግመሉን ዘር እስከ ቅድመ አያቱ ይቆጥርላችኋል፤ ዶሮዋን ግን "እሷ የሴቶቹ ናት" ብሎ ያልፋል። ይህ ደግሞ ለሴቶቹ ጠቀማቸው። ላም ሲሸጥ ቤተሰብ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይጠየቃል። ስድስት እንቁላል ሲሸጥ ማንም አይጠይቅም። በዚያ ብር ጨው ይገዛል፣ ሳሙና ይገዛል፣ የልጅ ደብተር ይገዛል። ብዙ ቤት ውስጥ እናት "የኔ" የምትለው ብቸኛው ገንዘብ ከእንቁላል የሚወጣው ነው።

ዶሮ ራሷ ለአገሩ አዲስ አይደለችም። ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለ የቁፋሮ ቦታ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ በአፍሪካ ቀንድ እስካሁን ከተገኙት ጥንታዊ የዶሮ ቅሪቶች መካከል ናቸው። የዱር ዘመዷ ያለው በእስያ ስለሆነ በቀይ ባሕር የንግድ መስመር ሳትመጣ አልቀረችም ይላሉ አጥኚዎቹ። ስሟም ከሰው ጋር ተጉዟል፤ ግዕዙ ዶርሆ ይላታል፣ ትግርኛው ደርሆ፣ እኛ ዶሮ፣ ሶማሊኛውም ዶሮ። ኦሮምኛው ሉኩ ይላታል። ጀልዴሳ ውስጥ ሁለቱንም ስም በአንድ ግቢ ውስጥ ትሰማላችሁ፤ ዶሮዋ ለሁለቱም ትመጣለች፣ እህል ከያዛችሁ።

*

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዶሮ የአንድ ቤት ንብረት ትመስላለች። ትንሽ ናት፣ በረት አትፈልግም፣ ግጦሽ አትሻማም። ታሪኳን በቅርብ ስታዩት ግን የአንድ ቤት ብቻ ሆና የኖረችበት ጊዜ የለም። ይህን መጀመሪያ ያየሁት አያቴ ዘንድ ነው።

የአያቴ ግቢ ውስጥ አውራ ዶሮ አልነበረም። በመንገዱ ላይ የነበረው አውራ ዶሮ አንድ ሲሆን የአንዲት ሶማሌ ጎረቤቷ ነበር፤ እሱ ግን ድንበር አያውቅም፣ የሁሉንም ቤት ያዳርሳል። በምላሹ ሁሉም ቤት ፍርፋሪ ይጥልለታል። የአንዷ ዶሮ እንቁላል ጥላ ማቀፍ እምቢ ካለች፣ እንቁላሎቹ በከሰል ምልክት ይደረግባቸውና ከጎረቤት በታቀፈች ዶሮ ሥር ይገባሉ። ሃያ አንድ ቀን ቆጥረው ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እኩል ይካፈላሉ። ጫጩቶቹ እንዳይምታቱ እግራቸው ላይ ክር ይታሰራል፤ የአያቴ ቀይ ነበር። ጭልፊት ሲያንዣብብ መጀመሪያ ያየችው ሴት ትጮሃለች፣ ጩኸቱ ከግቢ ግቢ ይቀባበላል፣ ልጆች ድንጋይ ይዘው ይወጣሉ። ለማን ጫጩት እንደሚጮህ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ቀን አያቴን "ግን አውራ ዶሮ ለምን አትገዥም?" አልኳት። እንደምታውቁት የድሬ ሰው አያቱንም አንቺ ነው የሚለው። "አቦ ተወኝ!" አለችኝ፤ "እሱን ከገዛሁ እሷ ቤት ምን ብዬ እገባለሁ?"

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አለው፤ ርቢ ይባላል። ያላት ሴት ለሌላት ላም ወይም ዶሮ በርቢ ትሰጣለች፤ ተቀባይዋ ትመግባለች፣ ትጠብቃለች፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። የአንዲት ደሃ ሴት ከምንም ወደ ሦስት ዶሮ የምትሻገርበት ድልድይ ይህ ነው። ከሦስት ዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ጊደር እያለ የሚሄድ መሰላል ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። እኛ ምሥራቆቹ ደግሞ አፎሻ አለን። አፎሻው ለሞትና ለሠርግ ነው፤ ለዶሮ ማንም አፎሻ አላቋቋመም። ሴቶቹ ግን መዝገብም ሊቀመንበርም ሳይኖራቸው ያንኑ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

*

ዘመናዊው የዶሮ ታሪካችን የሚጀምረው ከእኛው ተራራ ላይ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት ጋር የውጭ ዝርያ ዶሮዎችን ቀድመው ካስገቡት ተቋማት አንዱ ነው። ነጩ ሌግሆርን መጣ፤ በኋላ ሮድ አይላንድ ሬድና ሌሎችም ተከተሉ።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። የሀገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ እንቁላሏም ትንሽ ነው። ሌግሆርን በጥሩ አያያዝ ከ200 በላይ ትጥላለች። ስለዚህ ባለሙያዎቹ እንዲህ አሰቡ፦ ለገበሬው የተሻሻለ ዝርያ አውራ ዶሮ እንስጠው፣ የሀገሩን አውራ ይረድ ወይም ይሽጥ፣ ጫጩቶቹ ድቅል ይሆናሉ፣ በጥቂት ትውልድ መንደሩ ይለወጣል። ይህ የአውራ ዶሮ ልዋጭ ለብዙ ዓመታት በተለያዩ የሀገሪቱ አካባቢዎች ተሞክሯል።

የታሰበውን ያህል አልሠራም። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ መኖው፣ በሽታው፣ ሙቀቱ። የዶሮ ሰውነት በጤናዋ ጊዜ 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ላብ የላትም፣ የድሬዳዋን ቀትር የምታልፈው አፏን ከፍታ እያለከለከች ነው። የሀገሩ መላጣ አንገት ዶሮ ላባዋ ስለሚያንስ ሙቀቱን ትችላለች፤ መልክ የላትም ተብላ ብትናቅም በቆላ ዋጋዋ ሌላ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላኛው ምክንያት ነው። ልዋጩ የታሰበው ቤት በቤት ነበር። አንዷ የሀገሩን አውራ አስወግዳ ነጩን ብትቀበል፣ የጎረቤቷ ቀይ አውራ አጥሩን ዘሎ ይመጣል። ደግሞ ገበሬው የሀገሩን አውራ ማጥፋት አልፈለገም፤ ሌሊት ሰዓት የሚነግር፣ ለበዓል የሚታረድ፣ ጭልፊት ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ እሱ ነው። እቅዱን ያወጡት ሰዎች ዶሮውን አጥንተዋል፤ ጎረቤቱን ግን አላጠኑም።

*

ጎረቤትነቱ የሞት ሽረት ጉዳይ የሚሆነው ግን ፈንግል ሲመጣ ነው።

ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ይፈነግላል። ዶሮዋ ትተክዛለች፣ አረንጓዴ ታስቀምጣለች፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ ክንፏ ይወድቃል። ዛሬ ማታ ቆጥ ላይ የነበሩት አሥር ዶሮዎች ከነገ ወዲያ ሁለት ናቸው፣ ወይም ምንም። ክትባት ባላገኘ መንደር ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይወስዳል። ሳይንሱ የኒውካስል በሽታ ይለዋል፤ በ1926 እና 1927 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያዋ ጃቫና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ስለተለየ ነው። በእኛ አካባቢ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው በ1971 እ.ኤ.አ. አሥመራ ባለ የዶሮ እርባታ ውስጥ ነው። አሮጊቶቹ ግን ፈንግልን ለማወቅ ላቦራቶሪ አልጠበቁም።

የፈንግል ክፋቱ ገዳይነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ክፋቱ ሰውን ከሰው ማለያየቱ ነው። አስቡት። ሦስት ቤት አልፎ ያለ ግቢ ውስጥ ሁለት ዶሮ ሞተ ተባለ። እናንተ አሥራ ሁለት ዶሮ አላችሁ፣ ዛሬ ደህና ናቸው፣ ነገ ምን እንደሚሆኑ አታውቁም። ምን ታደርጋላችሁ? ገበያ ትወጣላችሁ፣ በተገኘው ዋጋ ትሸጣላችሁ። ማንም ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። ከተሸጡት ውስጥ ግን ሦስቱ በሽታውን ይዘዋል፤ የገዛቻቸው ሴት ወደ ሌላ መንደር ትወስዳቸዋለች፤ እዚያም ደግሞ ያው ይደገማል። እያንዳንዷ ሴት ለራሷ ትክክለኛውን ስታደርግ ሁሉም ሴት ይከስራል። የበዓል ገበያ ሲደርስ፣ ዶሮ ከየአቅጣጫው በቅርጫትና በመኪና ጣራ ላይ ሲጓዝ፣ ፈንግልም አብሮ ይጓዛል።

አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ለምን ቀረች ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ አንዳንዴ ፈንግል ነው። "ዶሮ አለቀብን" ማለት ደብተር የለም፣ ሳሙና የለም፣ ድንገት ለታመመ ሕፃን የመድኃኒት ብር የለም ማለት ነው። ይህ ኪሳራ ወንዶቹ በሚቆጥሩት የከብት ቁጥር ውስጥ አይገባም። ስለዚህም ነው የማይወራው።

*

መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የኒውካስል ክትባት ያመርታል። በተለይ አይ-ቱ የሚባለው ዓይነት ለእንደ እኛ ዓይነቱ ቆላ የታሰበ ይመስላል። አውስትራሊያ ውስጥ ለገጠር ዶሮዎች ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ ደረቅ ሆኖ እያለ ከማቀዝቀዣ ውጭ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፣ መርፌ አይፈልግም። በዓይን አንድ ጠብታ ነው። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢደጋገም ፈንግልን ይመክታል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ብልቃጡ። ክትባቱ የሚመጣው በብልቃጥ ነው፣ አንዱ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ፣ ሌላው ለብዙ መቶ። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ቶሎ ካላለቀ ይበላሻል። ስምንት ዶሮ ያላት ሴት በመቶው ብልቃጥ ምን ታደርጋለች? ለስምንት ጠብታ ብላ የመቶውን ገዝታ ዘጠና ሁለቱን ትድፋ? አትገዛም። ጎረቤቷም አትገዛም። ስለዚህ ክትባቱ ሱቅ ውስጥ እያለ፣ ዋጋውም ለጠብታ ሲታሰብ ኢምንት ሆኖ እያለ፣ መንደሩ በፈንግል ያልቃል።

ሁለተኛው ነገር፣ ብትገዛም እንኳ ለብቻዋ ብዙ አትጠቀምም። ያልተከተቡ የጎረቤት ዶሮዎች በሽታውን ደጃፏ ድረስ ያመጡታል፤ ከሁለት ወር በኋላ የሚፈለፈሉት ጫጩቶቿም በዚያው መሐል ይገኛሉ። ክትባቱ የሚሠራው ግቢዎቹ አብረው ሲከተቡ ነው። ብልቃጡን የሠሩት ሰዎች ለትልቅ እርባታ አስበው ይሆናል፤ ሳያስቡት ግን የጎረቤት መድኃኒት ሠርተዋል። አንድ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ ማለት፣ አንድ ብልቃጥ ለስምንት ቤት ማለት ነው።

ይህን ቀድመው የገባቸው ባንግላዴሾች ናቸው። ብራክ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት የእንስሳት መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንደር ሴቶችን ክትባት መስጠት አሠለጠነ። ሴትዮዋ ክትባቱን ትቀበላለች፣ በማለዳ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ለእያንዳንዷ ጠብታ ትንሽ ክፍያ ትወስዳለች። ባለሙያ ከከተማ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ጎረቤት ነው ከታቢው። ለእሷ የገቢ ምንጭ ሆነ፣ ለመንደሩ ደግሞ ዋስትና። ልብ በሉ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ጎረቤታሞች ስለ ዶሮ መደጋገፍን ከማንም አልተማሩም፤ ድርጅቱ ያደረገው በነበረው ጎረቤትነት ላይ አንድ ብልቃጥ መጨመር ነው።

*

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢትዮቺክን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎች ይሰጣሉ፤ ወኪሎቹ ከትበውና አሳድገው "የ45 ቀን" ብለው ለቤተሰብ ይሸጣሉ። ሳሶ የተባለው ፈረንሳይ ሠራሽ ዝርያ በዚህ መንገድ ገጠር ድረስ ገብቷል፤ ከነጩ ሌግሆርን ይልቅ ጭሮ መብላት ይችላል፣ ሥጋም እንቁላልም ይሰጣል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ዶሮን አንዱ ምሰሶው አድርጓል። ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ ያጡ የእኔ እድሜ ልጆች በጓሯቸው ሃምሳ፣ መቶ ዶሮ ሲያረቡ አያለሁ። ጥሩ ነገር ነው፤ ደስ ይለኛል።

ግን አንድ ነገር ያሰጋኛል። አዲሱ አረባብ ዶሮን የግል ንግድ አድርጎ ነው የሚያስተምረን። ቆርቆሮ አጥር፣ ሽቦ፣ የተገዛ መኖ፣ የተዘጋ በር። የመኖ ዋጋ ሲንር እያንዳንዱ ለብቻው ያማርራል፤ ፉርሽካውንም ፋጉሎውንም እያንዳንዱ ለብቻው በችርቻሮ ይገዛል። ዶሮው ሲያስል ደግሞ ገዥ እንዳይሸሽ ተብሎ ለጎረቤት አይነገርም። የአያቴ ሰፈር ሴቶች ጭልፊት ሲያዩ ይጮሁ ነበር፤ እኛ ፈንግል ስናይ ዝም እንላለን። ሽቦው ጭልፊትን ይከለክል ይሆናል፤ ፈንግል ግን በጫማ፣ በቅርጫት፣ በመኖ ጆንያ ይገባል።

ድሬዳዋ ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። በግንቦት 1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን በጎረቤታችን ጅቡቲ፣ አርታ አውራጃ በአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ላይ ተረጋገጠ፤ በአፍሪካ ቀንድ በሰው ላይ የተገኘ የመጀመሪያው ነበር። ከእኛ ጋር በሐዲድና በመንገድ የተሳሰረች አገር ናት። ያኔ የሰው ሁሉ ጥያቄ "የማን ዶሮ ታሟል?" የሚል ነበር። ያንን ጥያቄ የሚመልሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገር ሰው ብቻ ነው።

*

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ጀልዴሳ ነበርኩ። አያቴ ዛሬ የለችም፤ ግቢው የአክስቴ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ስምንት ቤቶች አሁን አንድ ልማድ አላቸው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ትንሽ ሥልጠና ያገኘች ወጣት እናት፣ ከተማ ስትወርድ ብልቃጡን ይዛ ትመጣለች። ቀኑ በፊት ይነገራል። ዋጋው ለስምንት ይካፈላል፤ ለአንድ ቤት የደረሰው ከአንድና ሁለት እንቁላል ዋጋ አይበልጥም። በዚያች ሳምንት የሌላት ብትኖር ሌላዋ ትከፍልላታለች፣ በኋላ በእንቁላል ትመልሳለች።

የሚጀምሩት ጎህ ሳይቀድ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ነው። እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩ። አክስቴ ትይዛለች፣ ልጅቷ አንድ ጠብታ ዓይን ላይ ታንጠባጥባለች፣ ዶሮዋ ዓይኗን እስክታርገበግብ ትጠበቃለች፣ ከዚያ ትለቀቃለች። አንድ ልጅ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። አክስቴ 12። ቀጣዩ ቤት 9። ከዚያ 17፣ 6፣ 21፣ 8፣ 14፣ 10። መሐል ላይ ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ማን የታቀፈች ዶሮ እንዳላት፣ ማን ቄብ ልትሸጥ እንደፈለገች፣ የማን ዶሮ ቀፎ ሰብሮ ሸለምጥማጥ እንደወሰዳት ተወራ። በኦሮምኛ ተጀምሮ በሶማሊኛ የሚያልቅ፣ መሐሉ አማርኛ የሆነ ወሬ።

ልጁ ደመረ፤ 97። ሦስት ጠብታ ተርፏል።

ደረቱን ነፍቶ "ይደፋ?" አለ። ከተማ ያደገ ሰው ይደፋል። ሴቶቹ ግን ተያዩ። በመንገዱ ጫፍ፣ ወንዙ አጠገብ፣ በቅርብ የመጣች አንዲት ሴት አለች፤ ከማንም ጋር ገና አልተላመደችም፣ በብልቃጡም አልተዋጣችም። ስንት ዶሮ እንዳላት በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ተነሳች። አክስቴ ተከተለቻት። በሩን ሲያንኳኩ ፀሐይ እየወጣች ነበር፤ ሴትዮዋ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች፣ ግራ ተጋብታ።

"ስንት ዶሮ አለሽ?" አለቻት አክስቴ።

"አራት።"

ሁለቱ ተያዩና ሳቁ። ሦስቱን ከተቡላት። ለአራተኛዋ፣ ልጅቷ ደብተሩን ተቀብላ ለሚቀጥለው ዙር ዘጠነኛ ቤት ብላ ጻፈቻት።